ሠላሳ ዘጠነኛው ተጫዋች

ኳስ ክብ ናት የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ዝም ብዬ አዳምጠዋለሁ። ዝም የምለው ተስማምቼ አይደለም፤ ክርክር ከጀመርኩ ስለማላቆም ነው። ባለቤቴ አመሌን ስለሚያውቅ፣ እንግዳ ባለበት የኳስ ወሬ ከተነሳ ቶሎ ብሎ ስለ ውኃ መጥፋት ማውራት ይጀምራል። እኔ ግን በዓይኔ ያየሁትን ማንም አያስክደኝም። በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት በእኛ ቀበሌ ኳስ እንቁላል ነበረች። አንድ ቡድን ሠላሳ ስምንት ተጫዋች ነበረው። ከሠላሳ ስምንቱም የመጨረሻው ደካማ የእኔው ወንድም ሸረፈዲን ነበር።

አሁን የማውቀውን መጀመሪያ ልንገራችሁና ልገላገል። ያኔ ብሔራዊ ውትድርና ታውጆ፣ ዕድሜያቸው የደረሰ ልጆች ከየቀበሌው ይመለመሉ ነበር። ሸረፈዲን አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ፣ ነጥብ ሳይመጣለት ቀርቶ፣ ሾላ ገበያ አባዬ ሱቅ ውስጥ በርበሬ ሲመዝንና ሲያስነጥስ የሚውል የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። ስሙ ዛሬ ነገ ይጠራል እየተባለ ቤታችን ውስጥ እህል በጉሮሮ አልወርድ ብሎ ነበር። በዚህ መሀል አንድ ወሬ መጣ፤ ለውድድር የሚዘጋጅ የቀበሌ ስፖርተኛ ውድድሩ እስኪያልቅ አይነካም የሚል። ከማን አፍ እንደወጣ የሚያውቅ የለም። የሰፈራችን እናቶች ግን ወሬውን ያዙት፣ ከያዙትም በኋላ አልለቀቁትም።

ያኔ ይሄ ሁሉ አልገባኝም። ስምንት ዓመቴ ነበር። ጦርነት ለእኔ ሬዲዮ ውስጥ የሚኖር ነገር ነው፤ አባዬ ሬዲዮኑን ሲያጠፋው አብሮ ይጠፋል። የሚሄዱትን ልጆች አንድ ጊዜ መገናኛ አጠገብ አይቻቸዋለሁ። የጭነት መኪና ላይ ሆነው ይዘፍናሉ፣ እናቶቻቸው ከታች ያለቅሳሉ። እናቶቹ የሚያለቅሱት መኪናው ላይ ቦታ አጥተው መስሎኝ ነበር። እኔም ብሆን አለቅስ ነበር።

የማውቀው ነገር ቢኖር ኳስ ነው። በሰፈሩ ከወንዶች ጋር የምጫወት ብቸኛዋ ሴት እኔ ነበርኩ። ኳሳችን ካልሲ ናት፤ ውስጧ ጨርቅ ተጠቅጥቆ አፏ በሲባጎ የተሰፋ። ካልሲው የጀማለዲን አባት ስለነበር ባለኳሱ ጀማለዲን ነው። ማን ይግባ፣ ማን ይውጣ የሚለው እሱ፣ ሁለት ጎል ሲገባበት «እማዬ ጠራችኝ» ብሎ ኳሷን በብብቱ ሸጉጦ የሚሄደው እሱ። እኔ ግን ለሕግ ሟች ነበርኩ። ኳስ እጄን ከነካች ማንም ሳያየኝ ራሴ ላይ «እጅ ነው» ብዬ እጮሃለሁ። በዚህ ምክንያት የትኛውም ቡድን አይፈልገኝም ነበር።

እናቴ ዘሙሩድ ደግሞ ኳስ አትወድም። «በልተው የጠገቡ ሰዎች ነፋስ ሲያባርሩ» ትለው ነበር። ስለዚህ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሸረፈዲንን በአንድ እጇ፣ የበርበሬ ቋጠሮ በሌላ እጇ ይዛ የስፖርት ኮሚቴው ሊቀ መንበር ወደ ጋሽ ዋቅጅራ ቤት ስትገሰግስ ባየሁ ጊዜ ጉድ ነው ብዬ ተከተልኳት።

ጋሽ ዋቅጅራ ፊሽካ ከአንገታቸው የማይወርድ፣ ድምፀ ወፍራም ሽማግሌ ነበሩ። ድሮ የፈረንጆች ግቢ አትክልተኛ ሆነው ሠርተዋል። ግቢያቸው ስንደርስ ሌሎች እናቶችም የየራሳቸውን ጎረምሳ እየጎተቱ ቀድመውናል። አንዷ ጎረቤታችን እማማ ወለተማርያም ናቸው፤ አጠገባቸው ወርቅአየሁ የሚባለው ወፍራሙ ልጃቸው ቆሎ ይቆረጥማል።

«ጋሽ ዋቅጅራ፣ ይሄን ልጅ ኳስ ያስገቡልኝ» አለች እማዬ።

«ኳስ ይችላል?»

«አይችልም።»

ጋሽ ዋቅጅራ ወንድሜን ከላይ እስከ ታች አዩት። መነጽሩ እንዳይወድቅ በቦላሌ ላስቲክ ወደ ኋላ ታስሯል።

«እሺ፣ ሮጦስ ያውቃል?»

«ውሻ ሲያባርረው።»

«ጥሩ ነው፤ ግን ቡድኑ ሞልቷል፣ ወይዘሮ ዘሙሩድ። አሥራ አንድ ነው። ተጠባባቂውም ሞልቷል። የተጠባባቂው ተጠባባቂም ትናንት ሞላ።»

«አሥራ አንድ ይሁን ያለው ማነው?» አሉ እማማ ወለተማርያም።

«ሕጉ ነዋ።»

«ሕጉን ማን አወጣው?»

«እንግሊዞች።»

«እንግሊዞች የእኔን ልጅ የት ያውቁታል?»

በሀፍረት ላብ አጠመቀኝ። እነዚህ ሴቶች ምን ነካቸው? አንድ ቡድን አሥራ አንድ እንደሆነ እኔ እንኳ አውቃለሁ። ደግሞ ቆሎ የሚቆረጥም ልጅና መነጽር የታሰረለት ልጅ ይዘው መጥተው ክብርና ጭብጨባ ይፈልጋሉ ብዬ ተናደድኩ። እማዬ የበርበሬዋን ቋጠሮ ደረጃው ላይ አስቀምጣ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አደረገች። በርበሬው ይሆናል አልኩ።

ጋሽ ዋቅጅራ ለረጅም ጊዜ ጺማቸውን አሹ። ከዚያ ፊታቸው ፈካ አለ።

«አንድ ሌላ ኳስ አለ» አሉ። «ፈረንጆቹ ግቢ ያየሁት። ሞላላ ናት። እሷ የምትፈልገው አሥራ አምስት ሰው ነው።»

እናቶቹ በእልልታ ግቢውን ሊያፈርሱት ነበር። እማማ ወለተማርያም ልጃቸውን በጆሮው ይዘው ወደ ፊት ገፉት።

ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ያደረገው የተወረሰ የፈረንጅ ቪላ ነው። ጋሽ ዋቅጅራ በማግስቱ ከቪላው ዕቃ ቤት አቧራዋን እያራገፉ አንዲት ቡናማ የቆዳ ኳስ አወጡ። ሁለት ጫፏ ሹል፣ ሆዷ ሰፊ። እኛ ልጆች አይተን አዘንን። ሰው የተቀመጠባት መሰለን። ጋሽ ዋቅጅራ ምሳ ሲበሉ ጠብቀን እኔና ጀማለዲን ሲግናል ያለው ጎሚስታ ዘንድ ወሰድናትና አስነፋናት። ስትነፋ የባሰ ወፍራም እንቁላል ሆነች። ጎሚስታው እያገላበጠ ካያት በኋላ «ይቺ ከነበሽታዋ ነው የተወለደችው» ብሎ መለሰልን።

ችግሩ ሌላ ነበር። ጋሽ ዋቅጅራ ጨዋታውን ያዩት ጽድ ሲከረክሙ በአጥር ላይ አሻግረው ስለሆነ የሚያውቁት የላይኛውን ግማሽ ብቻ ነው። ሰዎች ሲጮኹ፣ እጅ ለእጅ ሲቀባበሉና ድንገት ከዓይን ሲጠፉ አይተዋል። ከአጥሩ በታች ምን እንደሚደረግ አያውቁም። ሸረፈዲን «ስንጠፋ የት ነው የምንሄደው?» ብሎ ሲጠይቃቸው «እሱን እዛው ስትደርሱ ታዩታላችሁ» አሉት።

አሥራ አምስቱ በዚያው ቀን ሞላ። ወሬው ከሾላ እስከ ላይኛው መንደር ሲዳረስ ሃያ ሁለት ሆኑ። እናቶች ግን መምጣት አላቆሙም። ይሄኔ ጋሽ ዋቅጅራ ወደ ቀበሌው ካድሬ ወደ ጓድ ተክሌ ሄዱ። ጓድ ተክሌ ከሲታ ወጣት ነበር፤ መጽሐፍ ይወዳል፣ መጽሐፍ ያላነበበ ሰው ደግሞ አብልጦ ይወዳል፣ ምክንያቱም ያስረዳዋል። ጋሽ ዋቅጅራ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ገና ጨዋታ ላይ ስንት ሰው ይሰለፋል? ማን ቆጥሮ ያውቃል? ዱላ ያለው ሁሉ ይገባል እኮ። ይሄ ነገር በትምህርታችሁ እንዴት ይታያል?»

ጓድ ተክሌ እንቅልፍ አጣ። እሑድ ቀበሌው አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ፤ እኔም እማዬ ሥር ተወሽቄ ገባሁ።

«ጓዶች፣ ኳስ ከሰማይ አልወረደችም» ብሎ ጀመረ። «የራሷ ታሪካዊ ዕድገት አላት። በጥንታዊው የጋርዮሽ ዘመን ኳስ የሁሉም ነበረች። መንደር ከመንደር ይገጥማል፤ ሽማግሌውም ጎረምሳውም ይገባል፤ በእጅም በእግርም ይቻላል፤ ሜዳው ከወንዝ እስከ ወንዝ ነው። ከዚያ የግል ሀብት መጣ። ኳስ ባለቤት አበጀች። ባለቤቱም ያሻውን አስገባ፣ ያሻውን አስወጣ።»

ዞር ብዬ ጀማለዲንን አየሁት። አንገቱን ደፍቷል። ጓድ ተክሌ ይሄን ሁሉ ስለ እሱ ማወቁ ደነቀኝ።

«በመጨረሻም የእንግሊዝ ከበርቴዎች አንድ ቤት ተሰብስበው ተከራከሩ። ግማሹ በእግር ብቻ ይሁን አለ፣ ግማሹ በእጅም ይያዝ አለ። አልተስማሙም። የእግሮቹ ክቧን ይዘው ወጡ፣ የእጆቹ ሞላላዋን ይዘው ወጡ። አሜሪካኖች ደግሞ በሞላላዋ ላይ ጠንካራ ቆብ ጨመሩበት፤ ይህም የጦረኝነት ባሕሪያቸውን ያሳያል። ሁሉም ግን በአንድ ነገር ተስማምተዋል። ሰፊውን ሕዝብ ከሜዳ አስወጥተው ተመልካች አደረጉት። ስለዚህ ጥያቄው አሥራ አንድ ወይስ አሥራ አምስት አይደለም። ጥያቄው ሰፊው ሕዝብ ወደ ሜዳው መቼ ይመለሳል ነው።»

«ነገ» አሉ እማማ ወለተማርያም።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እማዬ እጇ እስኪቀላ አጨበጨበች። ኳስ እንዲህ የምትወድ ሴት ሆና ለካ እስከዛሬ ደብቃን ነው ብዬ አሰብኩ። ካደግሁ በኋላ ነገሩን ፈልጌ አንብቤዋለሁ። ጓድ ተክሌ ስለ ጋርዮሹ ያበዛው ነገር ቢኖርም፣ እንግሊዝ አገር ድሮ መንደር ከመንደር እየተጋፋ ይጫወት እንደነበርና ሰዎቹም በእጅና በእግር ተጣልተው እንደተለያዩ የተናገረው እውነቱን ነው። የዓለም ኳስ ከመንደር ወደ አሥራ አንድ ወረደች፤ የእኛ ቀበሌ ኳስ ከአሥራ አንድ ወደ መንደር ወጣች። በሳምንቱ ሠላሳ ስምንት ደረስን።

ልምምዱ ከየካ ሽቅብ፣ ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በሚወስደው አቀበት ላይ፣ በባሕር ዛፎች መሀል ባለች አንዲት ዘንባላ ሜዳ ላይ ነበር። ከታችኛው ጫፏ በኋላ ገደል ነው። ኳሷ ስትነጥር የት እንደምትሄድ አይታወቅም፤ አንዴ ወደ ሰው ጉልበት፣ አንዴ ወደ ሰማይ፣ ብዙውን ጊዜ ወደ ገደሉ። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ ወጥቼ እቀመጣለሁ። ሕግ የሌለው ጨዋታ ማየት አልችልም፣ ያመኛል። ጋሽ ዋቅጅራን ስጠይቃቸው «ቀስ ብሎ ይገለጣል» ይሉኛል። ስለዚህ እያየሁ ሕጉን ራሴ ለቀምኩት።

ሸረፈዲን ኳሷ እጁ ውስጥ ስትገባ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ፊቱን አዙሮ፣ ወደ ኋላው ይወረውራታል። አንዳንዴ «ይቅርታ» ይላል። ሌሎቹም እሱን አይተው እንደዛው ማድረግ ጀመሩ። ኳስ ወደ ኋላ እንጂ ወደ ፊት አትወረወርም ማለት ነው አልኩ። ወርቅአየሁ ኳሷን ሲይዝ ይወድቃል፤ እሱ ሲወድቅ የቀረበው ሁሉ ተደናቅፎ ላዩ ላይ ይከመራል፤ ክምሩም እማማ ወለተማርያም መጥተው አንድ በአንድ እየጎተቱ እስኪያወርዱት ድረስ አይፈታም። ክምር የሚፈታው በእናት ነው አልኩ። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ከላይ ሲወርዱ ሁሉም መንገድ ይለቃል። ኳሷ ገደል ስትገባ ሁለት ልጆች ወርደው ይፈልጓታል፣ ቀሪው ሣር ላይ ይጋደማል። ኳሷን ይዞ የሚሮጥ ሁሉ ወደ ላይ፣ ወደ አንዲት ጎባጣ ባሕር ዛፍ ያቀናል፤ ግን ሳይደርስ ይደክመዋል። ይሄንንም ያዝኩ።

ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ ሆቴል ቁጭ ብዬ እውነተኛውን የሞላላ ኳስ ጨዋታ በቴሌቪዥን አየሁ። ኳሷን በእጅ ወደ ፊት መወርወር ክልክል ነው። ሰዎቹም ይከመራሉ። እዚያው ሆኜ ለሸረፈዲን ስልክ ደወልኩ።

«ስማ፣ ትክክል ነበርክ እኮ» አልኩት።

«በምኑ?»

«በመፍራትህ።»

መቼም ሠላሳ ስምንት ጎረምሳ ተሸሽጎ አይሸሸግም። ከቀበሌው በላይ ያለው ከፍተኛ ጉዳዩን ሰማና ጓድ ኤጀታ የሚባሉ ሹም ሊያዩት ይመጣሉ ተባለ። ያንን ቀን አባዬ ሱቁን ዘጋ። ሠርግ ካልሆነ ዘግቶ አያውቅም። ጓድ ኤጀታ «ይሄ ስፖርት አይደለም» ካሉ ሠላሳ ስምንቱም ልጆች በቀጣዩ መኪና እንደሚሄዱ ከእኔ በቀር የሰፈሩ ሰው በሙሉ ያውቅ ነበር። እኔ የማውቀው ትልቅ ሰው ጨዋታችንን ሊያይ እንደሚመጣ ነው። ፀጉሬን አስጎነጎንኩ።

ጓድ ኤጀታ በላንድሮቨር መጡ። ካኪ ለብሰዋል፣ ጸጉራቸው ከጆሮአቸው በላይ ሸብቷል፣ ብዙ አይናገሩም። ልጆቹ ለሁለት ተከፍለው ግማሹ ሸሚዙን አወለቀ። ጋሽ ዋቅጅራ ፊሽካ ነፉ። በፊሽካው ግማሹ ሮጠ፣ ግማሹ ደግሞ ዕረፍት መስሎት ተቀመጠ። ኳሷ ከወርቅአየሁ ጉልበት ነጥራ፣ አንድ ሁለቴ ዘላ፣ ገደል ገባች። ሁለቱ ፈላጊዎች ወረዱ። ሌላው ሁሉ ሣሩ ላይ ተጋደመ።

«ምን ሆነው ነው?» አሉ ጓድ ኤጀታ።

«ስልታዊ ማፈግፈግ ነው፣ ጓድ» አለ ጓድ ተክሌ።

«ጎሉስ የት ነው?»

ጋሽ ዋቅጅራ ወደ ላይ ጠቆሙ፤ በዚያችው ቅጽበት ጓድ ተክሌ ወደ ታች ጠቆመ። ከዚያ ሁለቱም ተያዩና ጋሽ ዋቅጅራ ወደ ታች፣ ጓድ ተክሌ ወደ ላይ ጠቆሙ።

«ማን እየመራ ነው?»

«እኩል ናቸው» አሉ ጋሽ ዋቅጅራ።

«ሰፊው ሕዝብ ራሱን ነው የሚመራው» አለ ጓድ ተክሌ።

ጓድ ኤጀታ ፊታቸውን ወደ ጋሽ ዋቅጅራ መለሱ። «አባቴ፣ እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት። እስቲ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ይሄ ጨዋታ ነው?»

ጋሽ ዋቅጅራ ፊሽካቸውን አንስተው አፋቸው ውስጥ ከተቱት። የእማዬን ከንፈር አየሁት፤ ዱዓ እያደረገች ነው። ሸረፈዲን ሣሩ ላይ ቁጭ ብሎ መነጽሩን በሸሚዙ ይጠርጋል፣ ይጠርጋል፣ አሁንም ይጠርጋል። እኔ ደግሞ ቆሽቴ አረረ። ያን ያህል ጊዜ ሲጫወቱ ከርመው ሕጉን የሚያስረዳ አንድ ሰው ይጥፋ? ከድንጋዬ ወረድኩ። እማዬ ቀሚሴን አፈፍ አደረገች፣ አመለጥኳት።

«ዝም ብለው ነው የሚጠቁሙት» አልኩ። «ሁለቱም አያውቁትም።»

«አንቺ ማነሽ?» አሉ ጓድ ኤጀታ።

«ዘይቱና። ሕጉን የማውቀው እኔ ነኝ።»

«እስቲ ንገሪኝ።»

ነገርኳቸዋ። ኳስ ወደ ኋላ እንጂ ወደ ፊት እንደማትወረወር፣ ክምር በእናት እንደሚፈታ፣ እንጨት ለተሸከመ መንገድ እንደሚለቀቅ። ጎል የሚባል ብረት እንደሌለው፣ ኳሷን ይዞ አቀበቱን የጨረሰና ያቺ ጎባጣ ባሕር ዛፍ ሥር ቁጭ ያለ እንደሚያገባ።

«እስካሁን ስንት ገብቷል?»

«ምንም። ይደክማቸዋል።»

«ሠላሳ ስምንት ሰው ለምን ያስፈልጋል?»

ይሄ ጥያቄ አሳዘነኝ። እየተመለከቱ አልነበረም ማለት ነው። ሁለቱ ገደል ወርደው እንደሚፈልጉ፣ አንዱ መንገድ ላይ ቆሞ እንጨት ተሸካሚ ሲመጣ እንደሚያስታውቅ፣ አንዱ ክምር ሲሠራ የሸረፈዲንን መነጽር እንደሚይዝ፣ አራቱ ወርቅአየሁን እንደሚያነሱ እየዘረዘርኩ ሄድኩ። ጓድ ኤጀታ በጣታቸው ሲከተሉኝ ጣታቸው አለቀባቸው።

«ቆይ፣ ተጋጣሚያችሁ ማነው?»

«የለም። ሌላ ቀበሌ እንደዚህ ዓይነት ኳስ የለውማ።»

«ታዲያ ውድድሩ መቼ ነው የሚያልቀው?»

አንድ ትልቅ ሰው ከኋላዬ ሲያቃስት ሰማሁ፤ አባዬ ነበር።

«ተጋጣሚ ሲመጣ ነዋ» አልኩ። «ማንም ሳይመጣ ዋንጫ ብንወስድ ማጭበርበር ነው። እስኪመጣ እንለማመዳለን።»

ጓድ ኤጀታ ቆባቸውን አውልቀው ግንባራቸውን ጠረጉ። ተጋድመው የነበሩትን ልጆች አንድ በአንድ አዩአቸው። ረጅም ጊዜ ነው ያዩአቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዝቅ አሉና «ሰው ቢጨመርበትስ? ጨዋታው ይበላሻል?» አሉኝ።

አሰብኩበት። ዝም ብሎ መልስ መስጠት አልወድም። «አንድ ቦታ ይጎድላል» አልኩ። «ከገደሉ በታች ኳሷ የምትወጣበት ጋ የሚቆም የለንም። ግን ፈጣን መሆን አለበት።»

«ጨዋታው ይቀጥል» አሉ ጓድ ኤጀታ፣ ቀና ብለው። መኪናቸው ውስጥ ገብተው ሄዱ።

ጋሽ ዋቅጅራ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። እማዬ መጀመሪያ ቆነጠጠችኝ፣ ከዚያ ሳመችኝ፣ ከዚያ እንደገና ቆነጠጠችኝ። የተቆነጠጥኩት ትልቅ ሰው ፊት ስለቀላመድኩ፣ የተሳምኩት ደግሞ ሕጉን ስለቻልኩ መስሎኝ ሁለቱንም ተቀበልኩ። አሁን ሳስበው በዚያ ሜዳ ላይ ጨዋታው እውነት ነው ብሎ ያመነው ሁለት ሰው ብቻ ነው፤ ጓድ ተክሌና እኔ። የተቀሩት ሁሉ ይዋሹ ስለነበር አፋቸው ተሳሰረ።

ሸረፈዲን አልሄደም። ዛሬ ፋርማሲ አለው፣ ሦስት ልጆች ወልዷል፣ ኳስ በቴሌቪዥን ሲመጣ አሁንም ክፍሉን ለቆ ይወጣል። ደስ ይለኛል፣ አልሐምዱሊላህ እላለሁ። ግን ከእኛ ቀበሌ የጎደለው ቁጥር ከሆነ ቦታ ተሞልቷል። ሞላላ ኳስ ያልነበራቸው እናቶች ነበሩ።

ጓድ ኤጀታ በሳምንቱ ተመልሰው መጡ። በመኪና አልነበረም፣ በእግራቸው ነው። ካኪውንም አልለበሱም፤ ያረጀ ኮትና ሹራብ ነው። አቀበቱ አስለክልኳቸዋል። ከእሳቸው በላይ የረዘመ አንድ ልጅ እንደ ሕፃን በእጃቸው ይዘዋል። ጋሽ ዋቅጅራ ደንግጠው ከመቀመጫቸው ተነሱ፣ እናቶቹም ተነሱ። ሰውዬው ለሁሉም ጎንበስ ብለው ሰላምታ ሰጡና አልፈዋቸው የእኔ ድንጋይ ሥር መጥተው ቆሙ።

«ዘይቱና፣ ያልሽው ቦታ ሰው አገኘ?»

«አላገኘም።»

«ይሄ ልጄ ነው። ዱቤ ይባላል።»

ዱቤን በደንብ አየሁት። እግሩ ረጅም ነው፣ ግን ምን እንደሚያደርግበት የሚያውቅ አይመስልም። «ኳስ ትችላለህ?» አልኩት።

አባቱን አየ፣ ከዚያ መሬቱን። «አልችልም» አለ።

«እስቲ ሩጥ።»

ሮጠ። ሦስት እርምጃ እንደሄደ የራሱ እግር ጠልፎት ወደቀ። እኔ በቃኝ። ሠላሳ ስምንት የማይችል ሰው አለን፤ አንድ ፈጣን ብዬ ብጠይቅ ይሄን አመጡልኝ። አይሆንም፣ ይውሰዱት ልል አፌን ስከፍት ጋሽ ዋቅጅራ ሳሉ፣ እማዬም ስሜን በቀስታ ጠራች። ጓድ ኤጀታ ጉልበታቸው መሬት እስኪነካ ተንበረከኩና ፊቴን ትክ ብለው አዩኝ። ዓይናቸው ቀልቷል።

«ዘይቱና፣ ሌላ ልጅ የለኝም» አሉኝ።

አንጀቴን በሉት። ምን ያድርጉ ታዲያ፣ ኳስ የሚችል ሌላ ልጅ ቢኖራቸው ኖሮ እሱን ነበር የሚያመጡልን ብዬ አሰብኩ።

«እሺ፣ ይግባ» አልኳቸው። «ግን ይለማመድ።»